ካይዘን ተጀምሮ ሲቀዘቅዝ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

እ.ኤ.አ. በ2008 በዮኮሃማ ከተካሄደው አራተኛው የቶኪዮ ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ልማት ጉባኤ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የካይዘንን፣ ማለትም ሥራን በሠራተኛው ተሳትፎ በትንሽ በትንሹ ሳያቋርጡ የማሻሻልን፣ አሠራር ወደ አገር ለማስገባት የጃፓንን ድጋፍ ጠየቀ። ከ2009 እስከ 2011 በ30 ድርጅቶች የሙከራ ትግበራ ተካሄደ፤ በ2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በርካታ ፋብሪካዎች፣ ሆስፒታሎችና መሥሪያ ቤቶች ሥልጠናውን ወስደዋል፣ የልማት ቡድን አደራጅተዋል፣ ውጤትና ችግር የሚጻፍበት ሰሌዳ ሰቅለዋል። ከጀመሩት መካከል መንገድ ላይ የቀሩትም ጥቂት አይደሉም።

ትግበራው ሲቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ሠራተኛው ለውጥ አይወድም» የሚል ነው። ይህ ምክንያት በአብዛኛው ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሠራተኛው በየቀኑ የሚያየውን ችግር ሲያወጣና ከበላዩ ወቅታዊ መልስ ሲያጣ ዝም ይላል፤ ዝምታው ሲበዛም ማሻሻሉ ይቆማል። ከዚህ በታች የቀረቡት ምልክቶች በመልካቸው ቢለያዩም፣ ወደ ሥራቸው ሲወረድ አብዛኞቹ ከዚሁ ጉዳይ ጋር ይገናኛሉ።

የጸዳው ቦታ ወደ ነበረበት ሲመለስ

ማጣራት፣ ማስቀመጥና ማጽዳት በዘመቻ ተካሂደው የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ፎቶግራፍ ይለጠፋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያረጀው መለዋወጫ፣ ባዶው ካርቶንና የተሰበረው ወንበር ተመልሰው ጥጉን ይይዛሉ። ኃላፊው በዚህ ጊዜ ሌላ የጽዳት ዘመቻ ለማወጅ ይፈጥናል፤ ዘመቻው ግን ውጤቱን ያነሣል እንጂ ምክንያቱን አይነካም።

የሥራ ቦታ አያያዝ ደረጃዎች ከሆኑት ከአምስቱ ማዎች (ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ) የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በጉልበት ሊሠሩ ይችላሉ። ማላመድና ማዝለቅ ግን የአሠራር ውሳኔ ይጠይቃሉ። የጥገና ሠራተኛው ኩሽኔታና ቀበቶ በመሳቢያው ውስጥ የሚያከማቸው ሥርዓት ስለሚጠላ ሳይሆን፣ አንድ ኩሽኔታ ከግምጃ ቤት ለማውጣት የሚያስፈልገው ፊርማ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅና ማሽኑ በቆመ ቁጥር ተጠያቂው እርሱ ስለሚሆን ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ የተሰበረው ወንበር ኮሪደር ላይ የሚከርመው የንብረት ማስወገድ ኮሚቴው ስላልተሰበሰበና ማንም በራሱ ሥልጣን ሊጥለው ስለማይችል ነው።

ስለዚህ የተመለሰውን ዕቃ ከማንሣት በፊት «ይህ ዕቃ እዚህ ሊቀመጥ ግድ የሆነው ለምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። በየሳምንቱ የሚያስፈልጉ መለዋወጫዎች ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠናቸው ተወስኖ በሥራ ቦታው አጠገብ ይቀመጡ፤ ሂሳባቸውም በየጊዜው በአንድ ሰነድ ይወራረድ። ለማስወገጃ የተለዩ ዕቃዎች የተለዩበት ቀን የተጻፈበት ቀይ ምልክት ይለጠፍባቸው፤ ኮሚቴውም የሚሰበሰብበት ቋሚ ቀን ይኑረው። የመሣሪያ ማንጠልጠያ ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱ መፍቻ ቅርጽ በቀለም ቢሳል፣ ማታ በሩ ከመዘጋቱ በፊት የጎደለው የትኛው እንደሆነ ሳይቆጠር በዓይን ይለያል።

ያው ብልሽት፣ ያው ቅሬታ ሲመላለስ

በሪፖርቱ «መንስኤ» በሚለው ዓምድ ሥር «የሠራተኛ ቸልተኝነት»፣ «መፍትሄ» በሚለው ሥር ደግሞ «ምክር ተሰጥቷል» ተብሎ ከተጻፈ ችግሩ መመለሱ አይቀርም። የቶዮታን የአመራረት ሥርዓት ከቀረጹት ሰዎች ዋነኛው የሆነው ታይቺ ኦኖ «ለምን» የሚለው ጥያቄ አምስት ጊዜ ያህል እንዲደጋገም ያስተምር የነበረው፣ የመጀመሪያው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ሌላ ምልክት ስለሆነ ነው።

የንግድ ፈቃድ የሚያድስ መሥሪያ ቤት እንውሰድ። ባለጉዳዩ ሦስተኛ ጊዜ ተመላልሷል። ለምን? አንድ ማስረጃ ስለጎደለው። ለምን ጎደለው? በመጀመሪያው ቀን ስላልተነገረው። ለምን አልተነገረውም? የመረጃ መስኮቱ ላይ ያለችው ባለሙያ የምትጠቀምበት ዝርዝር የቆየ ስለሆነ። ለምን ቆየ? መመሪያው ሲሻሻል ዝርዝሩን የማደስ ኃላፊነት ለማንም ስላልተሰጠ። ጥያቄው በሁለተኛው መልስ ላይ ቢቆም ኖሮ ባለሙያዋ ትገሠጽና አሮጌው ዝርዝር እዚያው ይቀር ነበር። እስከ መጨረሻው ሲሄድ ግን መፍትሄው ግልጽ ይሆናል፦ መመሪያ በተሻሻለ ቁጥር ዝርዝሩን የሚያድስና ቀኑን የሚጽፍበት አንድ ባለቤት ይመደባል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ ጥያቄው ከስብሰባ አዳራሽ ይልቅ ጃፓኖች ጌምባ በሚሉት፣ ማለትም ሥራው በሚሠራበት ቦታ፣ ሥራውን የሚሠራው ሰው ባለበት ይጠየቅ። ሁለተኛው፣ ሰንሰለቱ ከታች ወደ ላይ «ስለዚህ» እየተባለ ይፈተሽ፤ አንዱ መልስ ቀጣዩን የማያስከትል ከሆነ መሐል ላይ ግምት ገብቷል ማለት ነው።

ሁሉም ሥራ በዝቶበት ማስረከቢያው ቀን ሲያልፍ

ይህ በስፌት ፋብሪካዎች በብዛት የሚታይ፣ በመሥሪያ ቤቶችም መልኩን ለውጦ የሚገኝ ችግር ነው። ማሽኖቹ አያርፉም፣ ኦፕሬተሮቹ ቀና አይሉም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ይጨምራል፤ ትእዛዙ ግን በቀኑ አይደርስም። እንዲህ ባለ ጊዜ የመጀመሪያው ፍተሻ በሥራ ጣቢያዎቹ መካከል ተከምሮ የሚጠብቀውን ግማሽ ያለቀ ምርት መቁጠር ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በሒሳብ ያረጋገጠው ሕግ፣ አንድ ሥራ በሂደት ውስጥ በአማካይ የሚቆይበት ጊዜ በሂደት ላይ ያለው የሥራ መጠን ሥራው በሚወጣበት ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ነው ይላል። ለምሳሌ መስመሩ በቀን 400 ሸሚዝ የሚያወጣ ሆኖ በማሽኖቹ መካከል 2,000 ያላለቀ ሸሚዝ ካለ፣ ዛሬ የገባው ጨርቅ ሸሚዝ ሆኖ የሚወጣው በአማካይ ከ5 የሥራ ቀናት በኋላ ነው። አንዱን ሸሚዝ መስፋት ራሱ የሚፈጀው ግን ደቂቃዎችን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የቀረው ጊዜ በሙሉ ጥበቃ ነው። ጉዳቱም በመዘግየት አያበቃም። የኮሌታ ስፌቱ በጠዋት ተዛብቶ ጥራት ተቆጣጣሪዋ መጨረሻ ላይ የምታየው ከአምስት ቀን በኋላ ከሆነ፣ እስከዚያ ድረስ በመሐል ያለው ሁሉ በዚያው ስህተት ተሰፍቶ ሊሆን ይችላል።

መንስኤው በኦፕሬተሮቹ ስንፍና አይገለጽም። እያንዳንዱ ጣቢያ የሚመዘነው በራሱ የቀን ምርት ስለሆነ፣ ቀጣዩ ጣቢያ ቢፈልገውም ባይፈልገውም መሥራቱን ይቀጥላል። በዚያ ላይ ማሽን ድንገት ሊበላሽ ስለሚችል ሱፐርቫይዘሩ በፊቱ ክምር ሲኖር መተማመኛ ይሰማዋል። ክምሩ ብልሽቱን ይሸፍናል፤ የተሸፈነው ብልሽት ሳይጠገን ይቀራል፤ ስላልተጠገነም ክምሩ ያስፈልጋል።

መፍትሄው በሁለት ጣቢያዎች መካከል ሊኖር የሚችለውን መጠን መገደብ ነው። ባንድሉ፣ ማለትም ከጣቢያ ወደ ጣቢያ በአንድነት ታስሮ የሚተላለፈው ሥራ፣ 30 ከነበረ ወደ 10 ይውረድ፤ በሁለቱ ማሽኖች መካከልም ከሁለት ባንድል በላይ አይቀመጥ፤ ቦታው ወለሉ ወይም ጠረጴዛው ላይ በቀለም ይከለል። ክልሉ ሲሞላ የፊተኛው ኦፕሬተር መስፋቱን አቁሞ የተጨናነቀውን ጣቢያ ያግዝ። ይህ እንዲሆን ኦፕሬተሮች ከአንድ በላይ ሥራ መልመድ ስላለባቸው ሥልጠናው ከገደቡ በፊት ይጀመር፤ ምዘናውም ከግለሰብ ቁጥር ወደ መስመሩ ያለቀ ምርት ይዙር።

አመራሩ ሳይሸበር ማለፍ ያለበት ፈተና እዚህ ላይ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቆሙ ማሽኖች ይታያሉ፣ ምርትም ሊቀንስ ይችላል። ልጁ ኋላ ቶዮታን የመሠረተው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጣው የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱን በራሱ ያቆም ነበር፤ የተበላሸ ጨርቅ እየሠራ ከሚቀጥል ማሽን ቆሞ ችግሩን የሚያሳይ ማሽን ይሻላል የሚለው እምነት የቶዮታ ሥርዓት አንዱ ምሰሶ የሆነውም ከዚያ ተነሥቶ ነው። መስመሩ በቆመ ቁጥር ሰዓቱና ምክንያቱ ይመዝገብ፤ ከሁሉ የተደጋገመው ምክንያት በቀዳሚነት ይጠገን። ሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያው ሳምንት ደንግጦ «ማሽን አይቁም» ካለ ግን ክምሩ በማግሥቱ ይመለሳል።

ይህን ስል ስለ ግማሽ ያለቀ ምርት እንጂ ስለ ጥሬ ዕቃ ክምችት አለመሆኑ ይታወቅልኝ። ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚገባ፣ የውጭ ምንዛሪው ተራ የሚጠበቅበት፣ ከወደብ የሚመጣበት ቀንም በእርግጠኝነት የማይታወቅ ከሆነ፣ የግምጃ ቤቱን ክምችት የጃፓን ፋብሪካ በሚይዘው መጠን ላድርግ ማለት ፋብሪካውን ማስቆም ነው። በመስመሩ ውስጥ ያለው ክምር ግን በእጃችን ያለ ጉዳይ ነው።

የሐሳብ መስጫው ሳጥን ባዶ ሲሆን

በመጀመሪያው ወር ሐሳብ ይጎርፋል፤ ከዚያ ይነጥፋል። ከሌሎቹ ምልክቶች ሁሉ በላይ ይህኛው ሊያሳስበን ይገባል፤ ምክንያቱም ሌሎቹን ችግሮች ሊያሳየን የሚችለው ሰው መናገሩን አቁሟል።

የመጀመሪያው ምርመራ በሽልማት ማነስ ላይ ሳይሆን በመልስ ላይ ይደረግ። ቀደም ብለው ከገቡት ሐሳቦች አሥሩ ይወጡና ለእያንዳንዳቸው ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደመለሰ ይጣራ። «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» መልስ አይደለም። አንዲት ኦፕሬተር የወንበሯ ከፍታ እንዲስተካከል ጠይቃ ወራት ካለፉ፣ አጠገቧ ያሉት ሁሉ ከዚያ የተማሩት ትምህርት ሥልጠናው ላይ ከተነገራቸው ይበልጣል።

ሁለተኛው ምርመራ በፍርሃት ላይ ነው። ሦስት ሰው የሚሠራውን ሁለት ሰው እንዲሠራው የሚያደርግ ሐሳብ ያመጣ ሠራተኛ፣ ሦስተኛው ሰው የት እንደሚሄድ ያስባል፤ ያ ሦስተኛ ሰው ጓደኛው ወይም ራሱ ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የሆነው ትምህርት ይሰጣል። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1982 የዘጋውን ፋብሪካ ከቶዮታ ጋር በመሆን በ1984 ሲከፍተው አብዛኞቹ ሠራተኞች በቀድሞው ፋብሪካ የነበሩት ራሳቸው ነበሩ፤ ያ ፋብሪካ ደግሞ በመቅረትና በጥራት ጉድለት ስሙ የጠፋ ነበር። በአዲሱ አሠራር ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ሲያይ ገመድ ስቦ እርዳታ መጥራትና ችግሩ ካልተፈታም መስመሩን ማስቆም ይችል ነበር፤ ሽያጭ በቀነሰበት ወቅትም ድርጅቱ ሠራተኛ ከማሰናበት ይልቅ ወደ ሥልጠናና ማሻሻያ ሥራ አሰማርቷቸዋል። ጥራቱ በአጭር ጊዜ ከጃፓን ፋብሪካዎች ጋር ለመወዳደር በቃ። ሰዎቹ ያው ሆነው የተቀየረው በዙሪያቸው ያለው አሠራርና የአለቆቻቸው ምላሽ ነበር።

እንግዲህ የሚደረገው ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ሐሳብ በአንድ ሳምንት ውስጥ «እንሠራዋለን»፣ «አንሠራውም፤ ምክንያቱም...» ወይም «ይህን እናጣራለን፤ እስከዚህ ቀን» የሚል መልስ በሰሌዳው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ፎርማኑ የበላይ ፈቃድ ሳይጠብቅ ሊያወጣው የሚችል መጠነኛ ገንዘብ ይመደብለት፤ ለአንድ መደርደሪያ መግዣ የግዥ ኮሚቴ የሚጠበቅ ከሆነ ካይዘን አይታሰብም። አመራሩም በማሻሻያ ምክንያት ማንም ከሥራ እንደማይሰናበት፣ የተረፈው የሰው ኃይል ወደ ሌላ ሥራ እንደሚዛወር በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ ቃሉን ሊጠብቅ እንደማይችል የሚያውቅ አመራር ግን ባይገባው ይሻላል። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ከመጀመሪያው ቀን ይሳተፍ።

ሰሌዳው ጥሩ እያሳየ ደንበኛው ሲያማርር

የዚህ መንስኤ ብዙ ጊዜ የሚለካው ነገር ነው። «የተሰጠ ሥልጠና»፣ «የተካሄደ ስብሰባ» እና «የተደራጀ ቡድን» የተሠራውን እንጂ የተገኘውን አይናገሩም። ሰሌዳው ላይ ደንበኛው የሚያውቃቸው ሦስት ወይም አራት መለኪያዎች ብቻ ይቅሩ፦ ከጥያቄ እስከ ርክክብ የፈጀው ጊዜ፣ በመጀመሪያ ጊዜ በትክክል የተሠራው፣ የተመላሽ ብዛት። መጥፎ ቁጥር የጻፈ ቡድን የሚወቀስ ከሆነ ቁጥሩ በቀጣዩ ሳምንት ይስተካከላል፤ ሥራው ግን እንደነበረ ይቆያል።

ኃላፊው ሲቀየር ሁሉም ሲቆም

በመንግሥት ተቋማት የሚሠራ ባለሙያ ቢፒአርን (መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥን) አይቷል፣ ቢኤስሲን (ሚዛናዊ የውጤት ምዘናን) አይቷል፣ ካይዘንንም አይቷል፤ አንዱ ሳይጠናቀቅ ሌላው ሲተካ የኖረ ሰው አዲሱን በጥርጣሬ ቢቀበል ሊፈረድበት አይገባም። ማሻሻሉ ከዕለት ሥራው ተለይቶ በፕሮግራም ስም፣ በአንድ አስተባባሪና በአንድ ኃላፊ ፍላጎት ላይ ከቆመ ሰውየው ሲዛወር አብሮ ይሄዳል።

መከላከያው የተሻሻለውን አሠራር ወዲያውኑ ወደ መደበኛ የአሠራር ሰነድ ማስገባት ነው፤ ሰነዱም አዲስ ሠራተኛ አንብቦ ሊሠራበት የሚችል፣ በአንድ ገጽ ያለቀና ሥራው ካለበት ቦታ የማይርቅ ይሁን። የኃላፊውም ድርሻ በጽሑፍ ይቀመጥ፦ በቀን አንድ ጊዜ በሥራ ቦታው መዞር፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ያልተፈቱትን ችግሮች ማየትና በራሱ ሥልጣን የሚፈቱትን እዚያው መወሰን። በርክክብ ጊዜ ተሰናባቹ ለተተኪው ከንብረትና ከማኅተም ጋር ያልተዘጉ ችግሮችን ዝርዝር፣ የእያንዳንዱን ባለቤትና የተቀጠረለትን ቀን ያስረክብ፤ ተተኪውም በመጀመሪያው ወር ለዝርዝሩ አንድ በአንድ በራሱ ፊርማ መልስ ይስጥ፤ መልሱም ሠራተኛው በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።