የአንድ ለዘብተኛ የአሜሪካ እንደራሴ ታሪክ ለክበብ የግድግዳ ጽሑፍ እንዴት ይዘጋጃል?

በሰበታ ወይም በለገጣፎ ላለ የሲቪክስ ክበብ የምታዘጋጁ ከሆነ፣ ከኒውዮርክ ግዛት የተመረጠው ሪፐብሊካን ኤሞ ሆተን ይመቻችኋል። ኔትወርክና መብራት ሲገኝ የሕይወት ታሪኩንና በምክር ቤት የሰጣቸውን የድጋፍና የተቃውሞ ድምፆች መዝገብ ከአሜሪካ ኮንግረስ ድረ ገጾች ስልካችሁ ላይ አውርዱ።

ልደቱን (1926 እ.ኤ.አ.)፣ የኮርኒንግ መስታወት ኩባንያ መሪነቱንና ሞቱን (2020) በሦስት መስመር ጨርሱ። ሰፊውን ቦታ ከፓርቲው ለተለየባቸው ድምፆች ስጡ፤ ለዘብተኛ ያሰኙት እነሱ ናቸው። በዲሴምበር 1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተንን ከሥልጣን ለማንሳት የቀረበውን ክስ ተቃወመ። ኦክቶበር 10 ቀን 2002 የኢራቅን ጦርነት የሚፈቅደው ውሳኔ 296 ለ133 ሲያልፍ ከተቃወሙት ስድስት ሪፐብሊካኖች አንዱ ነበር።

ብዙው ጽሑፍ የሚበላሸው ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ላለው 7፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ ላለው 8 ዓመት ቀንሱ። ሥራ የጀመረበት ጃንዋሪ 3 ቀን 1987 በእኛ ታኅሣሥ 25 ቀን 1979 ነው፤ የኢራቁ ድምፅ ግን መስከረም 30 ቀን 1995። በደፈናው 8 የቀነሰ እዚህ ላይ አንድ ዓመት ይስታል።

ሴናተር ብላችሁም አትጻፉ፤ እሱ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነበር፤ የሴናተር ዘመን 6 ዓመት፣ የእሱ 2 ዓመት ነው። እስከ 2005 የቆየው ዘጠኝ ጊዜ ተመርጦ ነው።

ለፎቶ ኮፒ ቤት የምትሰጡት ፋይል ፒዲኤፍ ይሁን። በዎርድ ከወሰዳችሁት፣ ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፎንት ከሌለው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታተማል፤ ክፍያው ግን አይቀርም።