ስሜት እስኪስተካከል አለመጠበቅ፦ የስሜት ጤንነትን የመንከባከቢያ መንገዶች

የስሜት ጤንነት ሁልጊዜ ደስተኛ መሆን ማለት አይደለም። ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃትና ሥጋት ጤነኛውንም ሰው ይጎበኙታል፤ ወዳጁን ያጣ ሰው ማዘኑ፣ የተበደለም መቆጣቱ ተገቢ ነው። ቁም ነገሩ እነዚህ ስሜቶች ከመጡ በኋላ ሥራን፣ እንቅልፍንና ከሰው ጋር ያለን ግንኙነት ይዞ መቀጠል መቻሉ ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በቅደም ተከተሉ ላይ ይመስለኛል። «ሲሻለኝ እወጣለሁ፤ ልቤ ሲረጋ ለወዳጄ እደውላለሁ» እያልን ቀናት ይነጉዳሉ። መከፋት ግን ሰውን ደስታ ከሚያገኝባቸው ነገሮች ያርቀዋል፤ መራቁም በተራው መከፋቱን ያባብሰዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ሌዊንሶን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድባቴን ሲያጠና ትኩረቱን የጣለው በዚሁ አዙሪት ላይ ነበር። ዛሬ በዚያ መሠረት ላይ የሚሰጠው ሕክምና ታካሚው ፍላጎቱ እስኪመለስ ሳይጠብቅ ትንንሽ ተግባራትን በቀጠሮ እንዲፈጽም ያደርጋል፤ ፍላጎቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተግባሩ በኋላ ይከተላልና።

ይህን በራስዎ ሕይወት ለመሞከር ሁለት ዓይነት ተግባር ይምረጡ፦ አንዱ ቀድሞ ደስ ያሰኝዎት የነበረ፣ ሌላው ሲጠናቀቅ «ይህንስ ጨረስኩ» የሚያሰኝ። ሁለቱንም በቀንና በሰዓት ለይተው ይጻፏቸው፤ «በዚህ ሳምንት በእግሬ እሄዳለሁ» የሚለው ምኞት ሆኖ ሲቀር፣ «ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ለዐሥር ደቂቃ እሄዳለሁ» የሚለው ይፈጸማል። ተግባሩ ሊያሳፍር እስኪደርስ ድረስ ትንሽ ቢሆን አይጎዳም። ከመጀመርዎ በፊትና ከጨረሱ በኋላ ስሜትዎን ከዜሮ እስከ ዐሥር ባለው መለኪያ ይመዝግቡ፤ የተከፋ አእምሮ «ምንም አይጠቅምም» ብሎ አስቀድሞ ስለሚፈርድ፣ ከፍርዱ ጋር የሚሟገትልዎት ይህ መዝገብ ነው። ቁጥሩ ያልተለወጠባቸው ቀናት ይኖራሉ፤ ለውጡ የሚታየው የብዙ ቀናት መዝገብ ጎን ለጎን ሲታይ ነው።

ሰውነት ሲጎሳቆል ስሜትም አብሮ ይጎሳቆላል። ለአዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። እንቅልፍን ለማስተካከል ከመኝታው ሰዓት ይልቅ የመነሻውን ሰዓት በየቀኑ፣ በዕረፍት ቀንም ቢሆን፣ አንድ ማድረግ ይቀላል፤ እንቅልፍን አስገድዶ ማምጣት አይቻልምና። በአማካይ ከአምስት ሰዓት በኋላ እንኳ የካፌይን ግማሹ በደም ውስጥ ስለሚቀር ካፌይን ያለባቸውን መጠጦች ከቀትር በፊት መጨረስ ይረዳል። አልኮል ቶሎ ቢያስተኛም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፍ ያቆራርጣል፤ ለጭንቀት መርሻ ብሎ መያዙ ኪሣራው ይበልጣል። የሰውነት እንቅስቃሴን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ በቂ ነው።

ሐሳብ እየተመላለሰ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች «አታስብ» የሚለው ምክር እምብዛም አይጠቅምም፤ ሊረሱት የሚታገሉት ሐሳብ ይብሱን ይመለሳል። የተሻለው ለጭንቀቱ ሰዓት መቅጠር ነው። በየቀኑ በተወሰነ ቦታና ሰዓት፣ ከመኝታ ራቅ አድርገው፣ ግማሽ ሰዓት ይለዩለት። በሌላ ጊዜ ሐሳቡ ሲመጣ በአንድ ቃል ጽፈው ለዚያ ሰዓት ያቆዩት። ቀጠሮው ሲደርስ ዝርዝሩን አንድ በአንድ እያነሡ «በዚህ ላይ ላደርገው የምችለው ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁ። ካለ የመጀመሪያውን እርምጃና የሚፈጽሙበትን ቀን ይጻፉ፤ ከሌለ ጉዳዩ ከእጅዎ ውጭ መሆኑን መዝግበው ይለፉት። ከዝርዝሩ ጥቂት የማይባለው ሰዓቱ እስኪደርስ ክብደቱን ያጣል።

ድንገት ለሚያጥለቀልቅ ድንጋጤ ወይም ቁጣ፣ አየሩን ከሚያስገቡበት ጊዜ ይልቅ የሚያወጡበትን አስረዝመው ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ መተንፈስ የልብ ምትን ያረጋጋል። የሚያረጋጋው ቅጽበቱን ብቻ ስለሆነ የጠቡ ወይም የሥጋቱ ምክንያት ከዚያ በኋላ መታየት አለበት።

ከሰው ጋር መነጋገርን ሁሉም ይመክራል፤ እንዴት እንደሚጀመር ግን እምብዛም አይነገርም። የሚያምኑትን አንድ ሰው መርጠው የሚፈልጉትን አስቀድመው ይንገሩት፦ «ምክር አልፈለግሁም፣ እንድትሰማኝ ብቻ ነው» ወይም «ምን ላድርግ? አማክረኝ»። አድማጩ ይህን ካላወቀ በደግነት ተነሥቶ መፍትሔ ይደረድራል፤ ተናጋሪው ደግሞ እንዳልተሰማ ቆጥሮ ዝም ይላል። እንዲህ እየሆነ ብዙ ወዳጅነት ሳያስፈልግ ይቀዘቅዛል።

እነዚህ ሁሉ የሕክምና ምትክ አይደሉም። ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ የሚቆይ መከፋት ወይም ለነገሮች ሁሉ ፍላጎት ማጣት ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከዘለቀ፣ በተለይም እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛቡ ወይም ሥራ መሥራት ካቃተ፣ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት ይገባል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው መናገር፣ ብቻን አለመሆንና ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ችግሩ የጀመረበትን ጊዜ፣ የእንቅልፍዎን ሁኔታና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ጽፈው ይያዙ። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስና የደም ማነስ ድባቴን የሚመስል ድካም ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ ሐኪሙ የደም ምርመራ ቢያዝ ስሜትዎን አላመነም ማለት አይደለም።