የበረራ ሰዓት ማረጋገጫ ሥራ ሳትለቁ ያዙ

በኮንትራት ውጭ አገር ለምትበሩ አብራሪዎች፦ የበረራ ሰዓት ማረጋገጫ ደብዳቤ የሚጠየቀው ሥራ በሚለቀቅበት ሳምንት አይደለም። የሲሙሌተር (የበረራ ማስመሰያ መሣሪያ) ፈተና ባለፋችሁ ቁጥር ኩባንያችሁን ጠይቁ።

ፈተናው በዓመት ሁለቴ ስለሚመጣ ማስታወሻ መያዝ እንኳ አያስፈልግም። በዚያ ሰሞን የሥልጠና ክፍሉ ፋይላችሁን አውጥቶታል፤ አንድ ገጽ መጻፍ አይከብደውም። ደብዳቤው ሰዓቱን በአውሮፕላን ዓይነት ይከፋፍል፤ በካፒቴንነትና በረዳትነት የበረራችሁትን ይለይ፤ የመጨረሻው ፈተና ቀን፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ይኑርበት። ማኅተሙን አትርሱ። በዚያው ቀን የሎግቡካችሁን (ራሳችሁ የምትሞሉትን የበረራ መዝገብ) ድምር ከኩባንያው መዝገብ ጋር አመሳክሩ። ልዩነት ከተገኘ አንዱ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ፣ ሌላው መሬት ከለቀቀ ጀምሮ ቆጥሮ ሊሆን ይችላል። የስድስት ወር ልዩነት ይታረማል፤ የአምስት ዓመት ግን ራስ ምታት ነው።

ለምን ይጠቅማል? ለቀጣዩ ቀጣሪም ሆነ ፈቃዳችሁን ለሚያጸድቀው የአቪዬሽን ባለሥልጣን በራሳችሁ እጅ የተሞላ ሎግቡክ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። የቀድሞው ኩባንያ ደግሞ ሊከስር፣ ከሌላ ጋር ሊዋሃድ፣ ወይም ኢሜይል የሚመልስለት ሰው ሊያጣ ይችላል።

ይህ ደብዳቤ ባለሥልጣን ለባለሥልጣን በቀጥታ የሚልከውን የፈቃድ ማረጋገጫ አይተካም። ኩባንያው ደብዳቤውን ከከለከላችሁም የውስጥ ሲስተሙን ስክሪን ፎቶ እያነሳችሁ አታከማቹ፤ መጀመሪያ የኮንትራቱን የምስጢር አንቀጽ አንብቡ።