ለሩቅ የሥራ ምልልስ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቢሾፍቱ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ እየተነሳ አዲስ አበባ ሥራ ውሎ የሚመለስ ሰው በዝቷል። የቤት ኪራዩ ወደ ዳር ገፋው፤ ሥራው ግን መሃል ከተማ ቀረ። መጀመሪያ ሚኒባስ ይጋፋል። ከዚያ ዕቁቡ ሲወጣለት ወይም ብድሩ ሲፈቀድለት መኪና ማየት ይጀምራል። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ነዳጅ ቆጣቢዋ የትኛዋ ናት?»

ጥያቄው ደግ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ደላላ ነው። ደላላው ደግሞ «ለየትኛው መንገድ?» ብሎ መልሶ አይጠይቅም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህቺ ጥያቄ ስለምትዘለል ነው።

የደላላውን ቁጥር ይዞ መሄድ

«ይቺ እኮ ቤንዚን አሽትታ ነው የምትሄደው!» ይላል ኮፈኑን መታ መታ እያደረገ። «በሊትር ሃያ!»

ሃያ ከየት መጣ? አንዳንዴ ከአፉ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከጃፓን ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች ፍጆታቸው የተለካው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ጎማቸው ሮለር ላይ እየዞረ ነው። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ቴን-ፊፍቲን የሚባል መለኪያ በጣም ለስላሳ ስለነበር ጃፓኖቹ ራሳቸው ትተው ጄሲ 08 ወደሚባለው ዞሩ። በኋላም ደብሊው ኤል ቲ ሲ የሚባለውን ተቀበሉ። ፈተናው በከበደ ቁጥር የመኪኖቹ ቁጥር ዝቅ እያለ መጣ። እኛ ጋ የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ ያ የድሮው ነው።

እውነተኛውን ቁጥር ማግኘት ከባድ አይደለም። ታንኩን ሙሉ። የመቅጃው ቧንቧ ራሱ ቀጭ ብሎ ሲቆም በቃ በሉ፤ ቀጂው «ልሙላላችሁ» ብሎ እንዳይጨምርበት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሥራ የምትሄዱበትን መንገድ፣ በምትሄዱበት ሰዓት ንዱ። ስትመለሱ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ላይ እንደገና ሙሉ። 96 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 8 ሊትር ከገባ መኪናዋ በሊትር 12 ናት። ደላላው የፈለገውን ይበል።

ደርሶ መልስ መለካቱን አትርሱ። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ። ጠዋት ሽቅብ፣ ማታ ቁልቁል ነው። «እኔ በሊትር አስራ ስምንት አገኘሁ» የሚል ሰው ማታ ማታ ለክቶ ይሆናል።

በአንድ ቀን ልኬት ግማሽ ሊትር መሳሳት ቀላል ነው። ሻጭ ደግሞ መኪናውን ለሳምንት አይሰጣችሁም። ስለዚህ ያንኑ ሞዴል የሚነዳ፣ መንገዱም የእናንተው የሆነ ባልደረባ ፈልጉና ሁለት ሳምንት እንዲለካላችሁ ለምኑት። ቡና ጋብዙት። ከየትኛውም የዩቲዩብ ግምገማ ይበልጥባችኋል።

«በሊትር አራት ኪሎ ሜትር ትበልጣለች» ብሎ ብር መጨመር

ይኼኛው ብዙ ብር ስለሚያስወጣ ትንሽ ልቆይበት።

በወር 2,000 ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ እንበል። በሊትር 8 የምትሄድ አሮጌ መኪና 250 ሊትር ትፈልጋለች። በሊትር 10 የምትሄደው 200 ሊትር ይበቃታል። በሁለት ኪሎ ሜትር ልዩነት 50 ሊትር ተረፈ። አሁን ወደ ቆጣቢዎቹ እንሂድ። በሊትር 16 የምትሄደው 125 ሊትር፣ በሊትር 20 የምትሄደው 100 ሊትር ትፈልጋለች። እዚህ ልዩነቱ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ የተረፈው ግን 25 ሊትር ብቻ።

ስለዚህ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» የሚለው አነጋገራችን ያታልላል። ትክክለኛው ጥያቄ «መቶ ኪሎ ሜትር በስንት ሊትር?» ነው። ሻጩ እንዲህ ተጠይቆ ስለማያውቅ ግራ ሊጋባ ይችላል፤ ሂሳቡን እናንተ ሥሩት።

አሁን ብሩን እንየው። ለሂሳብ እንዲመች ሊትሩን 100 ብር እንያዘው፤ ከዚያ በላይ መሆኑን ማደያ የሚሰለፍ ሁሉ ያውቃል። 25 ሊትር በወር 2,500 ብር ነው። በሊትር 20 የምትሄደዋ ዋጋዋ በ300,000 ብር ከበለጠ፣ ያ ብር በነዳጅ የሚመለሰው በ120 ወር ነው። አሥር ዓመት! ነዳጁ እጥፍ ቢሆን እንኳ አምስት ዓመት።

ግን ሌላም ጎን አለው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚህ ምክንያት አገር ውስጥ ያሉት ተፈላጊ መኪኖች ዋጋቸውን ይዘው ቆይተዋል። የጨመራችሁት 300,000 ስትሸጡ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ግን ያተረፋችሁት በመኪና ንግድ ነው፤ ነዳጅ ቆጠብኩ ብላችሁ አታውሩ።

ትንሽ ሞተር ሁልጊዜ ትንሽ ይበላል ማለት

አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ነው። ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር እፍጋቱ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ተርቦ የሚባለው አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው ሞተር የሚስበውም አየር በዚያው ልክ ያንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ባለ 1,000 ሲሲዋ መኪና እዚህ ስትደርስ ጉልበቷ የ750 ሲሲ ያህል ነው ማለት ነው።

ብቻዋን፣ ሜዳ ላይ፣ በከተማ ፍጥነት ከሆነ ይኼ ምንም አይደለም። እንዲያውም ማን እንደሷ። አራት ሰው ጭናችሁ፣ ማታ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ስትወጡ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ትረግጣላችሁ፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ አትሄድም። እግር ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ የሞተሩ ኮምፒዩተር ለጉልበት ብሎ ከተለመደው መጠን በላይ ነዳጅ ይረጫል። በየቀኑ እንዲህ የምትነዳ ባለ 1.0 ቪትዝ ከባለ 1.3ዋ እህቷ ጋር ፍጆታዋ እኩል ሊመጣ ይችላል። አንዳንዴም ትብሳለች። የሞተሩ ዕድሜ ደግሞ ሳይቆጠር ነው።

መንገዳችሁ ዳገት ከሆነና ሰው የምትጭኑ ከሆነ 1.3ን ወይም 1.5ን አትፍሩ።

ፈጣን መንገዱንና ቃሊቲን በአንድ ዓይን ማየት

ከቢሾፍቱ የሚመጣ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከፍሎ መምጣት፣ ወይም በአሮጌው መንገድ በዱከምና በገላን አድርጎ ቃሊቲ ላይ መታሰር። ሁለቱ መንገዶች የሚፈልጉት መኪና ለየቅል ነው።

ፈጣን መንገዱ ላይ ጠላታችሁ አየር ነው። ከ90 ወደ 120 ስትወጡ አየሩ መኪናዋን የሚገፋበት ኃይል 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ዝቅ ያለች ሴዳን፣ ሞተሯ ያን ያህል ትንሽ ባይሆንም፣ ከረጅሟና ከሰፊዋ ታተርፋለች። ኮሮላም ሆነች ዲዛየር እዚህ ሰውነታቸው ይጠቅማቸዋል። ያው መኪና ላይ ቆይቶ ፍጥነትን ወደ 90 ማውረድ ደግሞ ነጻ ቁጠባ ነው፤ የሚሰማ ግን የለም።

ትራፊክ ውስጥ ጠላታችሁ መቆም ነው። ትንሽ ሞተር እንኳ ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ያቃጥላል። እዚህ ሃይብሪድ፣ ማለትም በነዳጅ ሞተርና በባትሪ እየተጋገዘ የሚሄድ መኪና፣ ይነግሣል። ሲቆም ሞተሩን ያጠፋል፣ ፍሬን ሲያዝ ይባክን ከነበረው ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ፈጣን መንገድ ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን የሃይብሪዱ ጥቅም ይቀንሳል። ያገለገለ ሃይብሪድ ካያችሁ ባትሪውን በኮምፒዩተር ሳታስመረምሩ ቀብድ አትክፈሉ።

የተመረተችበትን ዓመት አይቶ ጤንነቷን አለማየት

አንድ ዓመት የተመረቱ፣ አንድ ሞተር ያላቸው ሁለት መኪኖች በነዳጅ ሰፊ ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ያረጀ ካንዴላ፣ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የደከመ የኦክስጅን ሴንሰር፣ የረገበ ጎማ፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይበላል።

ሁለት ነገር ግን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ፍሬን ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፤ አትንኩት፣ ያቃጥላል። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ነክሶ ይዟል። መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ፍሬን እየተያዘባት ነው የምትሄደው ማለት ነው።

ሁለተኛው ቴርሞስታት፣ ማለትም የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ነው። አንዳንድ መካኒክ «ሞተር እንዳያሞቅ» ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ከዚያ ሞተሩ ትክክለኛ ሙቀቱ ላይ አይደርስም። ኮምፒዩተሩም «ገና አልሞቅኩም» እያለ ነዳጅ ይጨምራል። መኪናዋ የሙቀት መርፌ ካላት ረዘም ያለ መንገድ ላይ አውጧትና መርፌውን እዩ። መሃል ላይ መቆም ሲገባው ወደ ታች ከወረደ ምክንያቱን ጠይቁ። ሻጩ «ሞተሯ አሪፍ ስለሆነ ነው» ካለ ፈገግ በሉና ዋጋ ቀንሱ።

በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይም ብዙ አትመኑ። 80,000 የሚል ቆጣሪና ጎማው ተልጦ ብረቱ የወጣ ፔዳል አብረው አይሄዱም።

ኤሌክትሪክ መኪና ላይ በጣም ማመን፣ ወይም በጣም መፍራት

አዲስ መኪና ለሚገዛ ሰው ምርጫው በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ሆኗል። ከፍታችን አይበግረውም፤ አየር ስለማይስብ ጉልበቱ አይቀንስም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ዳገት ላይ ካወጣው ኃይል ከፊሉን ይመልሳል። ለሩቅ ምልልስ ከልቤ የምመክረው ነው፤ ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ለሚችል ሰው።

በጣም የሚያምነው ሰው የተጻፈውን ርቀት እንዳለ ይቀበላል። ለምሳሌ ቢዋይዲ ሲጋል በትንሹ ባትሪ 305፣ በትልቁ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ የቻይና መለኪያ ሲኤልቲሲ ነው፤ እሱም ዝግ ያለ የከተማ አነዳድ ይበዛዋል። ፈጣን መንገድ ላይ በ110 ስትነዷት ከዚያ ብዙ ትወርዳለች።

በጣም የሚፈራው ደግሞ በቀን 100 ኪሎ ሜትር እየነዳ 600 ኪሎ ሜትር የሚል መኪና ይፈልጋል። ከ305ቱ ሲሶውን ቀንሱለት። ከ200 በላይ ይቀራል፤ የቀኑን ምልልስ ሁለት ጊዜ ያደርሳል። ለፍርሃቱ ብሎ የጨመረው ብርና በየቀኑ የሚጎትተው የባትሪ ክብደት ትርፉ ምንድን ነው?

ዋናው ጉዳይ ሌላ ቦታ ነው፤ ሶኬቱ ጋ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ገመዱን በመስኮት ሊያወርድ ነው? ጊቢ ያለው ሰውም ቢሆን የቤቱን መስመር በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስመርምር። ተራው የቤት ቻርጀር 2 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከዚያ በላይ ይስባል፤ ግን ምጣዱ ይጠፋል፣ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ብንይዝ ስድስት ሰዓት መሙላት ነው። ቀጭን ሽቦ ይህን ያህል ሰዓት ሲግል ቢያድር ያስፈራል። መብራት የሚጠፋበትን ልማድም ጎረቤት ጠይቁ። በሳምንት አንድ ሌሊት ቢጠፋ በቀረው ቻርጅ ማግስቱን ትወጡታላችሁ፤ በተከታታይ ሁለት ሌሊት ከሆነ ግን መንገድ ላይ መሙያ ያስፈልጋችኋል።

ስትገዙ ደግሞ መሰኪያውን እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢ/ቲ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ ለአውሮፓ የተሠሩት ሌላ ነው። በመንገዳችሁ ያለው ፈጣን ቻርጀር የትኛው እንደሆነ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ስክሪኑ ቻይንኛ ብቻ ከሆነም ሻጩ እዚያው ቆሞ ሳትለያዩ ያስተካክልላችሁ። «በኋላ እንልክላችኋለን» የሚባለው ሶፍትዌር አይመጣም።

ቆጣቢ መኪና ገዝቶ ማስበላት

ይኼን በአጭሩ። ፖርቶ መጋላ ባዶውን ጣሪያ ላይ አይቀመጥ፤ ስትፈልጉት ግጠሙት። ሰፋፊ ቸርኬና ጎማ አትቀይሩ፤ ያምራል፣ ይበላል፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ሊያዛባ ይችላል። የጎማ ንፋስ በወር ሁለቴ ጎሚስታ ጋ አስለኩ።

ለብቻ እንደሚነዱ አድርጎ ማስላት

በሊትር 20 የምትሄድ መኪና አንድ ሰው ይዛ ከምትመጣ፣ በሊትር 12 የምትሄድ ሦስት ባልደረቦች ይዛ ብትመጣ በነፍስ ወከፍ ስንት እንደሚደርስ አስቡት። ነዳጁን ተካፍሎ የሚመጣ የሠፈር ሰው ካላችሁ፣ ከቁጥሩ በፊት የኋላ ወንበሩን ስፋት እዩ። ጉልበታቸው ከፊት ወንበር ጋር ከተጋጨ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሚኒባሳቸው ይመለሳሉ። መኪናዋን ስትፈትኑ ሦስቱንም ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ደላላው ቅር ቢለውም።