ማርቲኒ አዝዛችሁ ሌላ ነገር ሲመጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ማርቲኒ የሚባለው ኮክቴል ጂንና ደረቅ ቨርሙዝ (ብዙም የማይጣፍጥ፣ በዕፅዋት የጣመ ወይን) ነው። በበረዶ ይቀዘቅዛል፣ በረዶው ይጠለላል፣ ላዩ ላይ የሎሚ ልጣጭ ወይም የወይራ ፍሬ ይገባበታል፣ አለቀ። ጉድለት የሚሸፍን ጭማቂ የለውም፣ ስኳር የለውም፣ ለስላሳ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ሞጂቶ አሳምሮ የሚሠራ ባር ማርቲኒ ላይ ሲደርስ የሚቸገረው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ማርቲኒው አልጥም ሲለው ጂኑን ይወቅሳል፣ ካልሆነም ባርማኑን። እኔ ግን ዋናዎቹ ጥፋተኞች በረዶውና ተከፍቶ የከረመው ቨርሙዝ ናቸው ባይ ነኝ። ደስ የሚለው ደግሞ ሁለቱም ውድ ጂን ሳይገዛ፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ መስተካከል መቻላቸው ነው። ችግሮቹን ከምልክታቸው እየተነሳን እንያቸው።

«ማርቲኒ አልኩ፣ ጣፋጭ ነገር በበረዶ መጣልኝ»

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ማርቲኒ የሚባል የጣሊያን ቨርሙዝ አለ። የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1863 ቱሪን ውስጥ የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ ጠርሙሱ በየባሩ መደርደሪያ ላይ ይታያል። ባርማኑ ከዚያ ቀድቶ ሲሰጣችሁ ያዘዛችሁትን ነው ያመጣው፣ አውሮፓም ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። «ድራይ ማርቲኒ» ማለትም ላያድን ይችላል፣ ምክንያቱም ድርጅቱ ኤክስትራ ድራይ (በጣም ደረቅ) የሚባል ቨርሙዝም ስላለው የእሱ አንድ ብርጭቆ ሊመጣላችሁ ይችላል።

መፍትሄው አሠራሩን ጨምሮ ማዘዝ ነው። በአስተናጋጅ አትላኩ። ትእዛዝ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይለወጣል፤ ተነሱና ባንኮኒው ጋ ሂዱ። እንዲህ በሉ፦ «ወንድሜ፣ የጂን ማርቲኒ ነው የምፈልገው። ደብል ጂን፣ ከደረቁ ቨርሙዝ ትንሽ፣ በብዙ በረዶ አማስለህ በረዶውን አስቀርተህ ቅዳልኝ።» ልኩን ከጠየቃችሁ 60 ሚሊ ሊትር ጂን በ10 ሚሊ ሊትር ቨርሙዝ በሉት። ከዚያ በላይ መጨመሩም መቀነሱም የምላሳችሁ ጉዳይ ነው። እኔ ቨርሙዙን ፈርቶ ጠብታ ብቻ ማድረግ አይመቸኝም፤ ቨርሙዝ የሌለው ማርቲኒ ቀዝቃዛ ጂን ነው።

«ጂን አለው፣ ግን ይጣፍጣል»

ቢያንኮው፣ ማለትም ነጩ ጣፋጭ ቨርሙዝ፣ ገብቶ ነው። ቢያንኮና ድራይ ሁለቱም ነጣ ያሉ ስለሆኑ ብርጭቆ ውስጥ ከገቡ በኋላ በዓይን መለየት ይከብዳል፣ ምላስ ግን አይሳሳትም። በአውሮፓ ሕግ ደረቅ የሚባል ቨርሙዝ በሊትር ከ50 ግራም ያነሰ ስኳር ነው ያለው፣ ኤክስትራ ድራዩ ደግሞ ከ30 ግራም ያነሰ። ጣፋጭ ለመባል 130 ግራምና ከዚያ በላይ ይጠበቃል። ስለዚህ «ጠርሙሱን እስቲ አሳየኝ» ብሎ ማንበብ ነው። ባሩ ቢያንኮና ሮሶ (ቀዩ ጣፋጭ ቨርሙዝ) ብቻ ካለው ማርቲኒውን ተዉት። ሮሶና ካምፓሪ (መራራው ቀይ የጣሊያን መጠጥ) ካለ ግን ጂኑን፣ ካምፓሪውንና ሮሶውን እኩል እኩል አድርጎ ኔግሮኒ ይሥራላችሁ፤ ኔግሮኒ የበረዶ ስህተትን ከማርቲኒ በተሻለ ይችላል።

ጋዝ ካለው ደግሞ ለስላሳ ገብቶበታል። መልሱት፣ በአዲስ ይሠራ።

«ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል»

ቨርሙዝን እንደ ውስኪ የምናየው ከውስኪው ጎን ስለሚደረደር ነው። ቨርሙዝ ወይን ነው። በመራራ ዕፅዋትና በቅመም የጣመ፣ አልኮል የተጨመረበት ወይን፤ ጥንካሬው ከ15 እስከ 18 በመቶ አካባቢ ነው። ውስኪ ተከፍቶ ቢከርም ብዙም አይሆን። ቨርሙዝ ግን ከተከፈተ በኋላ አየር ይበላዋል። ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ አንድ ወር ጥሩ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። መብራት በሚያሞቀው መደርደሪያ ላይ ቆሞ ግን ቶሎ ይበላሻል።

አሁን የእኛን ባሮች አስቡ። ማርቲኒ የሚያዝ ሰው ጥቂት ነው። ከውጭ የሚገባ መጠጥ ቀረጡ ከባድ ነው። እና ግማሽ የቀረ ጠርሙስ ማንም አይጥልም፤ ከበዓል እስከ በዓል ቆሞ፣ አንድ ቀን እናንተ ስትመጡ ይቀዳላችኋል።

መለየቱ ቀላል ነው፣ አሽትቱት። «ቨርሙዙን ላሽትተው?» ማለት ነውር የለውም። ጤነኛው ዕፅዋት ዕፅዋት ይሸታል፣ መልኩም ገርጣ ያለ ነው። የተበላሸው ወደ ቡናማ ያደላል፣ የጠቆረ ፖም ወይም ሆምጣጤ ይሸታል። ያልተከፈተ ጠርሙስ ካለ እንዲከፈት ጠይቁ። ከሌለና ቨርሙዙ ትንሽ ብቻ የደከመ ከሆነ ብርጭቆው ውስጥ አዙሮ ይድፋው፣ ጂኑ በላዩ ይቀዳ፤ ሽታው ይበቃል። ሆምጣጤ የሆነውን ግን በምንም አታድኑትም።

ደንበኛ የሆናችሁበት ባር ከሆነ ሌላም ጠይቁ፦ ቨርሙዙ ፍሪጅ ይግባ፣ ከአምቦ ውሃው ጎን። ምንም ወጪ የለውም። ለባሩ ማርቲኒ ከዚህ የበለጠ የሚሠራ ምክር አላውቅም።

«ውሃ ሆኗል፣ ቅዝቃዜም የለውም»

ሁለቱ አብረው ሲመጡ ጥፋቱ የበረዶው ነው። ማርቲኒ ውሃ ያስፈልገዋል፣ ይሄ መታወቅ አለበት። በበረዶ ተማስሎ ከተዘጋጀ መጠጥ ውስጥ ሩብ የሚጠጋው ከበረዶው የቀለጠ ውሃ ነው፤ ጂኑን የሚያለዝበውም እሱ ነው። ችግሩ ውሃው ሳያቀዘቅዝ ሲገባ ነው። ከፍሪዘር አሁን የወጣ፣ ደረቅ፣ ትልልቅ በረዶ መጠጡን ከዜሮ በታች ያወርደዋል። ባልዲ ውስጥ ሲጠብቅ ያመሸ በረዶ ግን ዙሪያውን ውሃ ለብሷል፣ ያ ውሃ ቀድሞ ብርጭቆው ውስጥ ይገባል፣ መጠጡ ገና ሳይቀዘቅዝ ይቀጥናል። ባርማኑም እንዳይቀጥን ፈርቶ ቶሎ ያወጣዋል፣ እና ለብ ያለ ቀጭን ጂን ይደርሳችኋል። መብራት ጠፍቶ በመጣበት ቀን ደግሞ በረዶው ቀልጦ እንደገና የተጋገረ ሊሆን ይችላል።

ከማዘዛችሁ በፊት ባልዲውን ተመልከቱ። ሥሩ ውሃ ካቆረ፣ በረዶው ከረጠበና ካብለጨለጨ፣ «ከፍሪዘር አዲስ ካለ አምጣልኝ» በሉ። ሌላ ከሌለ ቢያንስ ውሃውን አጥልሎ ይጀምር። ማማሰያው ብርጭቆ እስከ አፉ በበረዶ ይሞላ፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ከሆነ ቶሎ ቀልጦ ያልቃል፣ መጠጡ ግን አልቀዘቀዘም። ከዚያ በማንኪያ ግማሽ ደቂቃ ያህል ማማሰል።

ለእኛ ባሮች ግን ከዚህ ሁሉ የምመርጠው ሌላ መንገድ አለ፤ ጂኑን ራሱን ፍሪዘር ማስገባት። 40 በመቶ የሆነ ጂን በተለመደው ፍሪዘር ቅዝቃዜ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እንኳ አይረጋም፤ ወፈር ይላል እንጂ። ይሄ የድህነት ዘዴ አይደለም። ለንደን ያለው የዱክስ ሆቴል ባር ማርቲኒውን የሚሠራው በረዶ ሳይነካ፣ ጂኑን ከፍሪዘር አውጥቶ በቀጥታ ብርጭቆ ላይ እየቀዳ ነው፣ በዚህም ዓለም ያውቀዋል። ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ እንደማይሸጥም ይታወቃል፤ ውሃ ያልነካው ስለሆነ ኃይለኛ ነው። እኛ ለማለዘብ ከፍሪጅ የወጣ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንጨምርበት። 60 ጂን፣ 10 ቨርሙዝ፣ 15 ውሃ። ጥንካሬው 30 በመቶ አካባቢ ይሆናል፣ በበረዶ ከተማሰለው ጋር እኩል ማለት ነው። መብራት አንድ ሁለት ሰዓት ቢጠፋ እንኳ የተዘጋ ፍሪዘር ውስጥ ያለ ጠርሙስ ቶሎ አይሞቅም።

«ሥጋ ሥጋ፣ ቅቤ ቅቤ ይሸታል»

በረዶ የፍሪዘር ሽታ ይስባል። ባሩ ወጥ ቤት ወይም ሥጋ ቤት ካለው፣ በረዶውም ከሥጋው ጋር ካደረ፣ ኮካ ኮላ ውስጥ አይታወቅ ይሆናል፣ ማርቲኒ ውስጥ ግን ይጮኻል። አንድ ፍሬ በረዶ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ቅመሱት። ከሸተተ እዚያ ቤት በረዶ የነካው ማርቲኒ አይጠጣም። የፍሪዘሩ ዘዴ እዚህም ያድናል፣ የታሸገ ጠርሙስ ሽታ አይገባበትም። ብርጭቆውንም አሽትቱ፤ አንዳንዴ ጥፋቱ የሳሙናው ወይም እርጥብ ሆኖ የቆየው የማድረቂያ ፎጣ ነው። በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል።

«ደፍርሷል፣ ይመራል ወይም ይኮመጥጣል»

ደፍርሶ የበረዶ ስብርባሪ ከተንሳፈፈበት በሼከር ተነቅንቋል። በፊልም ያየነው እሱን ስለሆነ ባርማኑ አይፈረድበትም። ይጠጣል፣ ግን ብዙ ውሃ ይገባበታል፣ ልስላሴውም ይጠፋል። «አትነቅንቀው፣ አማስለው» በሉት።

ከኮመጠጠ ሎሚ ተጨምቆበታል። እኛ አገር ሎሚ ሲባል መጭመቅ ነው የሚታወቀው፤ በክትፎው ጎንም፣ በሻዩም፣ ለጉንፋኑም። ማርቲኒ የሚፈልገው ጭማቂውን ሳይሆን ልጣጩ ላይ ያለውን ዘይት ነው። ልጣጩ በስሱ ይላጣል፣ ነጩ ሥጋው መራራ ስለሆነ አይግባበት፣ ከዚያ ውጫዊው ገጽ ወደ ብርጭቆው ዞሮ ጨመቅ ሲደረግ ዘይቱ ይረጫል። የእኛ ትንሿ ሎሚ ቆዳዋ ስስ ስለሆነ ነጩን ሳይነኩ መላጥ ያስቸግራል። ትልቁ ቢጫ ሎሚ ካለ እሱ ይሻላል። ከሌለ ብርቱካን! የብርቱካን ልጣጭ ባዕድ ነገር አይደለም፣ የድሮ ማርቲኒዎች የብርቱካን ቢተርስ (በጠብታ የሚጨመር መራራ ቅመም) ይገባባቸው ነበር። ብርቱካን የሌለው ባር ደግሞ ብዙ አይደለም።

ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይራው በዘይት የተቀመጠ ነው። በጨው ውሃ የተቀመጠ ይፈለግ፣ ካልተገኘ ዘይቱ ታጥቦ ይግባ።

«ጉሮሮ ያቃጥላል»

አብዛኛውን ጊዜ ስላልቀዘቀዘ ነው። ቅዝቃዜ ርካሹንም ጂን ያለሰልሰዋል፤ አገር ውስጥ የሚመረት ጂን ፍሪዘር አድሮ ሲቀዳ ከሞቀ የውጭ ጂን በብዙ ይሻላል።

የጂኑንም ጥንካሬ መለያው ላይ አንብቡ፣ አንድ ስም ያለው ጂን በየአገሩ ሊለያይ ይችላልና። ቦምቤይ ሳፋየር አውሮፓ ውስጥ 40 በመቶ ሆኖ ሲሸጥ አሜሪካ ውስጥ 47 ነው። ታንከሬም አሜሪካ ውስጥ 47.3 ሲሆን እንግሊዝ ውስጥ ከዚያ ያነሰ ነው። ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ አንድ ጠርሙስ ላምጣ ካለ እነዚህን ጠይቁ፤ በረዶው እርጥብ በሆነበት ቤት ጠንካራው ጂን ሳይሞት ይቆያል። ባር ውስጥ ደግሞ ጂኑ ከፊታችሁ፣ ከጠርሙሱ ይቀዳ። ሽታው እንግዳ ከሆነባችሁ፣ ክዳኑም አጠራጣሪ ከሆነ፣ አትጠጡት፣ ቤቱንም ቀይሩ።

«ተበላሽቷል፣ ግን እንዴት ልመልሰው?»

ይሉኝታ ይዞን የማይጠጣ ነገር ከፍለን እንጠጣለን። ሆቴል ከሆነ አገልግሎቱ 10 በመቶ፣ ቫቱ 15 በመቶ ተጨምሮበት ነው የምንከፍለው። መመለስ የሚቻለው በመጀመሪያው ጉንጭ ነው፣ ግማሹን ጠጥቶ አይሆንም። አስተናጋጁን ሳይሆን ባርማኑን፣ ሰው ሳይሰማ፣ ምን እንደጎደለ ለይታችሁ ንገሩት። «አልጣመኝም» ምንም አይነግረውም። «ሞቆብኛል፣ እስቲ ትንሽ በረዶ ጨምረህ አማስልልኝ» ይነግረዋል። ለብ ያለ ማርቲኒ እንደገና በጥሩ በረዶ ቢማሰል ይድናል፤ የቀጠነው አይድንም፣ በአዲስ መሠራት አለበት። ሲሳካለት አመስግኑት፣ ቲፑንም አትርሱ። በሚቀጥለው ስትመጡ ያስታውሳችኋል።

ሰዓትም ይምረጡ። ዓርብ ማታ አራት ሰዓት ላይ ቢራ በሚያጣድፈው ባንኮኒ ግማሽ ደቂቃ የሚያማስል ሰው አታገኙም። ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሂዱ፤ በረዶው አዲስ ነው፣ ባርማኑም ጊዜ አለው።

ደንበኛ ከሆናችሁበት ቤት ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ወንድሜ፣ ሐሙስ እመጣለሁ፣ አንድ ጂንና አንድ ትንሽ ብርጭቆ ከጠዋት ጀምሮ ፍሪዘር አስገባልኝ።» ብርጭቆው ትንሽ ይሁን፣ በትልቅ ብርጭቆ ሳይጋመስ ይሞቃል።