የቢንጎ ማታ ለምታዘጋጁ የቤተክርስቲያን ኮሚቴዎች፦ እነዚህን ስህተቶች እባካችሁ አትድገሙ

እዚህ ካሊፎርኒያ በአጥቢያችን የቢንጎ ማታ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን አዲስ የሚጀምሩ ኮሚቴዎች እየደወሉ ይጠይቁኛል፣ ደስ ይለኛል፣ ግን የምሰማው ስህተት ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ቢንጎ፣ ማለትም ቁጥር እየተጠራ በተገዛ ካርድ ላይ ምልክት የሚደረግበት የሽልማት ጨዋታ፣ ለቤተክርስቲያን ይገባል አይገባም የሚለውን ለአባቶች ትቼዋለሁ፣ ይሄ ተመካክረው ለጀመሩት ነው።

የሚያንገበግበኝን ላስቀድም፣ እሱም ለአገልጋዮች "ትንሽ ነገር" መስጠት ነው። ባለፈው አንድ ኮሚቴ የሂሳብ ደብተሩን እንድመለከትላቸው ጠራኝ፣ ገልጬ ሳይ "ለቁጥር ጠሪ፣ ለነዳጅ፣ 60 ዶላር" ይላል፣ በየሳምንቱ፣ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ። ምንድነው ይሄ ስል "እንዴ ልጁ ከሥራ መጥቶ እስከ ማታ አምስት ሰዓት ይቆማል፣ እንዴት ባዶ እጁን እንሸኘዋለን?" አሉኝ። ሐሳቡ ይገባኛል፣ ባህላችን ነው፣ የደከመን ሰው ዝም ብሎ መሸኘት ነውር ነው። ግን የካሊፎርኒያ ሕግ ከቢንጎ ደሞዝ ወይም ጥቅም የከፈለውንም የተቀበለውንም በወንጀል ነው የሚጠይቀው፣ ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላር ይደርሳል። የተቀበለውንም ኮ ነው የምላችሁ! ያ ልጅ የመኖሪያ ወረቀቱን የሚጠብቅ ቢሆንስ? እናመስግነው ብላችሁ ፋይሉ ላይ ወንጀል ልታስጽፉበት ነው። ደሞ በዚህ አያበቃም፣ ፌዴራሉ የቢንጎን ገቢ ከግብር ነፃ የሚያደርገው ጨዋታው የስቴቱን ሕግ ካከበረ ነው፣ ስለዚህ ያቺ 60 ዶላር ቤተክርስቲያኗንም ይዛት ልትሄድ ትችላለች። "ነዳጅ" ብላችሁ ጻፋችሁት "አክብሮት"፣ በየሳምንቱ እኩል ብር ከወጣ ያው ደሞዝ ነው የሚመስለው። ልጁ ካሳዘናችሁ ሦስት ጠሪ አሰልጥኑና በየሁለት ሰዓቱ ይቀያየሩ። ከቢንጎው ገቢ ሊከፈለው የሚችለው ቤተክርስቲያኗ የቀጠረችው የጥበቃ ሠራተኛ ነው። "እኛ እናካሂድላችሁ፣ ትርፉን እንካፈላለን" የሚል ድርጅት ከመጣም በሩን አሳዩት፣ ከፈቃድ ባለቤቱ ውጪ ማንም በጨዋታው ላይ የገንዘብ ድርሻ ሊኖረው አይችልም።

"ቤተክርስቲያን ነን፣ ማን ይነካናል" ብሎ ያለ ፈቃድ መጀመርም አለ። ቢንጎ በሕግ ዓይን ቁማር ነው፣ ካሊፎርኒያ በ1976 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ለበጎ አድራጎት ብቻ ነው የፈቀደችው፣ እሱንም ከተማው ወይም ካውንቲው ደንብ ካወጣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከተማችሁ ጋ ሂዱ፣ የጎረቤት ከተማ ደንብ ለናንተ አይሠራም። ሌላ ስቴት ያላችሁ የኛን ቁጥር አትገልብጡ፦ እዚህ ለአንድ ጨዋታ ሽልማቱ ከ500 ዶላር አይበልጥም፣ ቴክሳስ 750 ነው፣ ዩታ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው።

ገንዘብ መቀላቀል። ይሄን እኔም አጥፍቻለሁ። መጀመሪያ ላይ የቢንጎውን ብር ከአሥራትና ከስዕለቱ ጋር አንድ አካውንት ውስጥ አስገባሁት፣ ሕጉ ግን ትርፉ ለብቻው ተቀምጦ ለበጎ አድራጎት ብቻ ይውላል ነው የሚለው። ስንት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቁጭ ብዬ የባንክ ወረቀት እያገላበጥኩ እንደለየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ገና ካርድ ሳትሸጡ አካውንቱን ክፈቱ።

የስጦታ ሪሲትም አትስጡ! ለካርድ የተከፈለ ብር ገቢው ሙሉ በሙሉ ለሕንፃ ቢሆንም መዋጮ አይደለም፣ ሰውየው ከታክስ ላይ ሊቀንሰው አይችልም።

ቁጥር አጠራር ላይ የኛ ሰው የተለየ ችግር አለበት። አንድ ማታ ጠሪው "ስልሳ" አለ፣ አዳራሹ ጫጫታ ነው፣ ከኋላ የተቀመጡ እናት "ሰላሳ" ብለው ሰሙና ምልክት አደረጉ፣ ከሁለት ኳስ በኋላ "ቢንጎ!" ብለው እልል አሉ። ካርዳቸው ሲመረመር ሰላሳ አልወጣም። እናታችን ተሸማቀው ቁጭ ሲሉ ማየት እስካሁን ያመኛል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የሳቸው ሳይሆን የኛ ነበር። ፊደሉን ትቶ ቁጥሩን ብቻ መጥራት ነው ችግሩ። ካርዱ ላይ ቁጥሮቹ በአምስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ሥር ነው የተደረደሩት፦ ቢ ከ1 እስከ 15፣ አይ እስከ 30፣ ኤን እስከ 45፣ ጂ እስከ 60፣ ኦ እስከ 75 ነው፣ ስለዚህ "ጂ ስልሳ" ቢባል ኖሮ ማንም አይ ሥር አይፈልገውም ነበር። በእንግሊዝኛ ስትጠሩም ፊፍቲንና ፊፍቲ እንደዛው ነው፣ አንዱ ቢ አንዱ ጂ። ፊደሉን፣ ቁጥሩን፣ ደግማችሁ ቁጥሩን ጥሩ፣ ኳሱንም ከፍ አድርጋችሁ አሳዩ። አንድ ሰው ቢንጎ ሲል ደግሞ ካርዱ ጮክ ተብሎ ተነቦ ሳይረጋገጥ "የካርዳችሁን ምልክት አጥፉ" አይባልም።

ልጆች። "እኔ ቡና ላፍላ፣ ካርዴን ልጄ ትጫወትልኝ" ትላለች እናት፣ ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አይቻልም፣ ከ18 በታች አይጫወትም፣ በእናቷ ካርድም ቢሆን።

በዙም ወይም በስልክ ማጫወትም አይሆንም፣ ተጫዋቹ በአካል እዛው መገኘት አለበት። "ለምዕመናን ብቻ" ብላችሁም አትለጥፉ፣ ጨዋታው ለማንም ክፍት መሆን አለበት።

በመሀል እረፍት ላይ ደግሞ "ግማሹ ለባለዕድሉ፣ ግማሹ ለቤተክርስቲያን" የሚባል የትኬት ዕጣ የሚያወጡ አሉ። ቢንጎ ፈቃድ ስላላችሁ ዕጣውም የተፈቀደ እንዳይመስላችሁ፣ እሱ ሌላ ሕግ ነው ያለው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከትኬት ሽያጩ ቢያንስ 90 በመቶው ለበጎ አድራጎቱ መዋል አለበት፣ ግማሽ በግማሽ ገና ከመነሻው አያልፍም። ዕጣ ማውጣት ከፈለጋችሁ ሽልማቱን ከምዕመናን በስጦታ ሰብስቡ፣ የትኬቱን ሂሳብም ከቢንጎው ለይታችሁ ያዙ።