የአጥንትና የመገጣጠሚያ ጉዳትን የሚያባብሱ ስህተቶች

ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ወይም ወገቡን የያዘው ሰው ምክር አያጣም። አሠልጣኙም ባልደረባውም በየፊናቸው መድኃኒቱን ይነግሩታል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የሚያስደንቀው፣ ሐኪሞች ራሳቸው ለአሥርተ ዓመታት ሲያዝዙት ከኖሩት ውስጥ ብዙው በጥናት ሲፈተን ተቀባይነት ማጣቱ ነው። ካለፉት ጥቂት አሥርተ ዓመታት ወዲህ ተመራማሪዎች የተለመዱትን ሕክምናዎች ከቀላል እንቅስቃሴ፣ አልፎ ተርፎም ከይስሙላ ቀዶ ሕክምና ጋር እያስተያዩ መርምረዋል። አጥንት፣ ጅማትና ጡንቻ ሸክም ሲያገኙ ይጠነክራሉ፤ ሲያጡ ይመነምናሉ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

እስኪሻል ድረስ መተኛት

በ1986 አሜሪካ ውስጥ ወገባቸውን የታመሙ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ሁለት ቀን፣ ግማሾቹ ሰባት ቀን እንዲተኙ ታዘዙ። ሁለት ቀን የታዘዘላቸው ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት በ45 በመቶ ያነሱ ነበሩ። በ1995 ደግሞ ሄልሲንኪ ውስጥ በ186 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አልጋን፣ የወገብ ስፖርትንና ሕመሙ የፈቀደውን ያህል የዕለት ተዕለት ኑሮን መቀጠልን አወዳደረ። ቶሎ ያገገሙት ኑሯቸውን የቀጠሉት ናቸው። የተኙት ከሁሉም ዘገዩ።

እግርን ማሰር የሚያስከፍለው ዋጋም ተለክቷል። ጤነኛ ወጣቶች አንድ እግራቸው ለ5 ቀናት ብቻ ሲታሰር የፊት ጭን ጡንቻቸው ከጉልበቱ 9 በመቶ ያህል አጥቷል፤ በሁለት ሳምንት ደግሞ ወደ 23 በመቶ። ታሞ የከረመ እግር ሲራመድ የሚንቀጠቀጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከቦታው የተንሸራተተ ስብራት በጀሶ መያዙ እንዳለ ነው፤ በእርሱ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን ሁሉም ስብራት ጀሶ አይፈልግም። በ2022 ብሪታንያ ውስጥ በ965 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ የእጅ አንጓ አጠገብ አጥንታቸው ሳይቆረጥ በትንሹ ለተጨማደደ ልጆች ለስላሳ ፋሻ ብቻ እንደሚበቃ አሳይቷል። ሕመማቸው ጠንካራ ማሰሪያ ከተደረገላቸው ልጆች አልበለጠም።

በረዶን እንደ መድኃኒት መቁጠር

ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ የሚሉት አራት ትእዛዞች በ1978 በአሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን አማካይነት ዓለምን ዞሩ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሚርኪን ራሱ በረዶም ሙሉ ዕረፍትም መዳንን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጻፈ። እንዲህ በአደባባይ ሐሳቡን የሚለውጥ ሰው ብዙ አይገኝም፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እብጠትና ሙቀት ሰውነት የተበላሸውን ሕዋስ ጠርጎ አዲስ የሚገነባበት ሂደት አካል ናቸው። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለጥቂት ደቂቃ ሲያዝ ሕመምን ያደነዝዛል፤ ለዚያ ያገለግላል። ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠበቅበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያበጠውን ቦታ በኃይል ማሸት ግን ከበረዶ የባሰ ጥፋት ነው፤ የተበጠሱ የደም ሥሮችን እንደገና ያደማል።

የምስል ውጤትን እንደ ፍርድ መቀበል

የኤምአርአይ ወረቀት ላይ «ዲስኩ ወጥቷል»፣ «አርጅቷል»፣ «ተቀዷል» የሚል ቃል ያነበበ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ አካሄዱ ይለወጣል። ጎንበስ ማለት ይፈራል፤ ልጁን ማንሳት ይተዋል። ይህ ፍርሃት ከዲስኩ ይልቅ የሚጎዳው ይመስለኛል።

ምርመራው አይዋሽም፤ ችግሩ ማወዳደሪያ አለመኖሩ ላይ ነው። ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸው ሰዎች ምስል ቢነሡ ምን ይታያል? ይህን ጥያቄ ያነሡ ብዙ ጥናቶች በ2015 ተሰብስበው ተተነተኑ፤ የሚያካትቷቸው ሰዎች 3,110 ነበሩ፤ አንዳቸውም የወገብ ሕመም አልነበረባቸውም። ከ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው ያረጀ ዲስክ፣ 30 በመቶው ደግሞ ወደ ውጭ ያበጠ ዲስክ ተገኘባቸው። ወደ 80 ዓመት ሲደርስ ቁጥሩ 96 እና 84 በመቶ ሆነ። ስለዚህ የ50 ዓመት ሰው ወገቡን አሞት ሲነሣ በምስሉ ላይ የሚታየው ነገር፣ ከሕመሙ በፊትም እዚያው የነበረ፣ ሕመሙ ከለቀቀው በኋላም እዚያው የሚኖር ሊሆን ይችላል። በጉልበትና በትከሻም ተመሳሳይ ነው፤ አንዳች የማያማቸው ሰዎች ላይ የተቀደደ ጅማት ወይም ሜኒስከስ (በጉልበት ውስጥ እንደ ትራስ የሚያገለግለው ልም አጥንት) መገኘቱ የተለመደ ነው።

ምርመራው የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። እግር እየሰነፈ ሲሄድ፣ ትኩሳት ሲኖር፣ ካንሰር የነበረበት ሰው ወገቡን ሲያመው፣ ከባድ አደጋ ሲደርስ ምስል መነሣት ግድ ነው። ከዚያ ውጭ ሐኪሙን «በውጤቱ ምክንያት ሕክምናዬ ይለወጣል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መልሱ «አይለወጥም» ከሆነ ምርመራው የሚጨምረው ጭንቀት ብቻ ነው።

«ራጁ ንጹሕ ነው» ሲባል ነገሩን መርሳት

ይኸኛው ከላይኛው በተቃራኒ ያለ ስህተት ነው። እጁን ዘርግቶ የወደቀ ሰው፣ አውራ ጣት ሲዘረጋ ከሥሩ በሚፈጠረው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሲነካ ካመመው፣ እስካፎይድ የምትባለው ትንሽ የእጅ አንጓ አጥንት ተሰብራ ሊሆን ይችላል። ይህች አጥንት አስቸጋሪ ናት። ደም በዋናነት የሚገባት ወደ ጣቶቹ ባለው ጫፏ በኩል ነው፤ ስለዚህ መሃሏ ላይ ስትሰበር ወደ ክንድ ያለው ቁራጭ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አትታይም። ጠንቃቃ ሐኪም እጁን አስሮ ከ10 እስከ 14 ቀናት በኋላ እንደገና ያነሣል ወይም ኤምአርአይ ያዛል። «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ከዓመት በኋላ አንጓው እየተበላሸ ቢመጣ የሚያስገርም አይሆንም።

በሩጫ ብዛት የሚመጣው የአጥንት ስንጥቅም እንዲሁ ለሳምንታት ከራጅ ይሰወራል። አንድ ጣት በሚሸፍነው ቦታ ላይ ብቻ የሚያም፣ ሩጫ ሲጀመር የሚብስ የቅልጥም ወይም የእግር ሕመም መናቅ የለበትም። በተለይ ስፖርተኛዋ የወር አበባዋ ከቀረ፣ ከምትበላው በላይ እያወጣች እንደሆነ ሊጠረጠር ይገባል፤ ያልተመገበ አጥንት ልምምድን አይችልም።

ለቁርጭምጭሚት ግን ነገሩ ቀላል ነው። በ1992 ኦታዋ፣ ካናዳ ውስጥ የተዘጋጀው መመሪያ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ የሚያመው ሰው እንደተጎዳም ሆነ ሕክምና ቦታ ሲደርስ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም ከሁለቱ የቁርጭምጭሚት እብጥ አጥንቶች የአንዱ የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ሲነካ ካመመው ራጅ ይነሣ። አለበለዚያ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው።

ቀዶ ሕክምናን የመጨረሻው ፍቱን መድኃኒት ማድረግ

ሂውስተን፣ አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2002 የታተመው ጥናት የአጥንት ሕክምናን ያናወጠ ነበር። ጉልበታቸው በመሸርሸር የሚያማቸው 180 ሰዎች በዕጣ ተመደቡ። የአንዳንዶቹ መገጣጠሚያ በካሜራ ታግዞ ተጠረገ፤ የሌሎቹ ታጠበ፤ የቀሩት ግን ቆዳቸው ብቻ ተበጥቶ ተሰፋ። ሐኪሙ ታካሚው እንዳይጠረጥር መሣሪያ እየጠየቀ፣ ውሃ እየተረጨ የቀዶ ሕክምናውን ድራማ ሠራ። በሁለት ዓመት ክትትል ሦስቱም ወገኖች እኩል ሆኑ።

ብዙዎች ጥናቱን አልወደዱትም፤ ታካሚዎቹ በትክክል አልተመረጡም የሚል ትችት ቀረበ። በ2013 ፊንላንዶች ሜኒስከሳቸው በዕድሜ የተቀደደ 146 ሰዎችን መርጠው ተመሳሳይ ነገር አደረጉ፤ ውጤቱ አልተለወጠም። በ2018 ተራው የትከሻ ሆነ፤ እንግሊዝና ፊንላንድ ውስጥ ለየብቻ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች ከትከሻ ጫፍ አጥንት የመፋቅ ቀዶ ሕክምና ከይስሙላው የረባ ብልጫ እንደሌለው አሳዩ። እነዚህ ሁሉ በየዓመቱ እጅግ በርካታ ሰዎች የሚተኙባቸው ቀዶ ሕክምናዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ይሠራሉ።

ከዚህ ተነሥቶ «ቢላ አያስፈልግም» ማለት ሌላ ስህተት ነው። የተቆለፈና የማይዘረጋ ጉልበት ሌላ ጉዳይ ነው። ኤሲኤል እየተባለ የሚጠራው የጉልበት መስቀለኛ ጅማት ሲበጠስም መልሱ እንደ ሰውየው ይለያያል። በ2010 ስዊድን ውስጥ በ121 ወጣቶች ላይ የተደረገው ጥናት ወዲያው ቀዶ ሕክምና ማድረግና በልምምድ ጀምሮ አስፈላጊ ከሆነ በኋላ ቀዶ ሕክምና ማድረግ በሁለት ዓመት ውስጥ ልዩነት እንደሌላቸው አገኘ። በ2022 የብሪታንያው ደግሞ ጉዳቱ ለቆየና ጉልበታቸው ለሚከዳቸው ሰዎች ቀዶ ሕክምናው እንደሚሻል አረጋገጠ። ሁለቱ አይጋጩም፤ የጠየቁት የተለያዩ ሰዎችን ነው። የተረከዝ ጅማት ሲበጠስም በ2022 የታተመው የኖርዌይ ጥናት ከዓመት በኋላ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና ያልተደረገላቸው እኩል እንደሚንቀሳቀሱ አሳየ፤ ነገር ግን ካልተደረገላቸው 6.2 በመቶው ጅማታቸው እንደገና ተበጠሰ፤ ከተደረገላቸው 0.6 በመቶው ብቻ። እዚህ ላይ ሐኪሙ ቁጥሩን ዘርዝሮ ያሳይ፤ ምርጫው ግን የታካሚው ነው።

መርፌውን መደጋገም

የስቴሮይድ መርፌ ሕመምን ቶሎ ያስታግሳል፤ አሳሳች የሚያደርገውም ይኸው ፍጥነቱ ነው። በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ ክርናቸውን በሚያማቸው 198 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ መርፌው በስድስተኛው ሳምንት ሁሉንም በለጠ፤ ዓመት ሲሞላ ግን ሕመሙ ብዙ ጊዜ የተመለሰባቸው መርፌ የተወጉት ነበሩ። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በየ12 ሳምንቱ ለሁለት ዓመት ጉልበታቸውን የተወጉ ሰዎች፣ የጨው ውሃ ከተወጉት ይልቅ የአጥንታቸውን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ይበልጥ እንደሳሳና ሕመማቸውም እንዳልተሻለ ገለጸ። ከራስ ደም ተጣርቶ ለጉልበት መሸርሸር የሚሰጠው ውድ መርፌም በ2021 አውስትራሊያ ውስጥ በ288 ሰዎች ላይ ሲሞከር ከጨው ውሃ አልተሻለም።

ጅማትን በመሳብ ብቻ ጉዳትን እከላከላለሁ ማለት

በ2000 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 1,538 ምልምል ወታደሮችን ተከታትሎ፣ ከልምምድ በፊት ጡንቻ መሳብ የእግር ጉዳትን ያን ያህል እንዳልቀነሰ አሳየ። በአንጻሩ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ቁርጭምጭሚትን አስይዞ፣ ሰውነትን ቀስ እያሉ ወደ ፊት የማውረድ ልምምድ የቋንጃ ጡንቻ ጉዳትን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

አጥንት እንዳይሰበር፣ ጉልበት እንዳያልቅ ብሎ መቆጠብ

ሩጫ ጉልበትን ይጨርሳል የሚለውን እምነት ለመንቀል አንድ አኃዝ ይበቃል። በ2017 የተሰበሰቡ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ለደስታቸው ከሚሮጡት 3.5 በመቶው፣ ከማይሮጡት ደግሞ 10.2 በመቶው የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ መሸርሸር ነበረባቸው። ለውድድር የሚሮጡት ላይ ቁጥሩ 13.3 በመቶ ነበር፤ መጠን ማለፍም ያስከፍላል። መቼም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሩጫን ስለሚተው ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም፤ ያም ሆኖ መቀመጥ ጉልበትን አላዳነም።

ለሳሳ አጥንትም እንዲሁ። በ2017 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት የወር አበባቸው የቆመና አጥንታቸው የሳሳ 101 ሴቶችን ያዘ። ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በባለሙያ ዓይን ሥር፣ ለግማሽ ሰዓት ከባድ ክብደት አነሡ፣ ዘለሉም። ከስምንት ወር በኋላ የአከርካሪ አጥንታቸው ጥግግት በ2.9 በመቶ ጨመረ፤ ቀላል ስፖርት የሠሩት በ1.2 በመቶ ቀነሰባቸው። ብዙ ሰው የሚፈራው ዓይነት ክብደት ነው አጥንቱን የገነባው። ጀማሪ ብቻውን ቤቱ ውስጥ እንዲሞክረው ግን አልመክርም።

ሕመሙ ስለጠፋ ወደ ሜዳ መመለስ

ኤሲኤል ከተተካ በኋላ ጉልበቱ ማመም የሚያቆመው ከመጠንከሩ በፊት ነው። በ2016 የወጣ የኖርዌይና የአሜሪካ ጥናት 106 ስፖርተኞችን ለሁለት ዓመት ተከታተለ። እስከ 9 ወር ድረስ፣ መመለስ በዘገየ በእያንዳንዱ ወር የዳግም ጉዳት መጠን በ51 በመቶ ቀነሰ። የጥንካሬና የዝላይ ፈተናውን ሳያልፉ ወደ ከባድ ስፖርት ከተመለሱት 38 በመቶው እንደገና ተጎዱ፤ ካለፉት ግን ከ6 በመቶ በታች። በአሠልጣኝ ግፊት 6ኛው ወር ላይ ወደ ሜዳ የሚገባ ተጫዋች ይህን ቁጥር አያውቀውም፤ ወይም አልተነገረውም።

መቸኮል ሲገባ ማደር

ጀሶ ከታሰረ ወይም ቅልጥም ከተሰበረ በኋላ ሕመሙ በማስታገሻ የማይበርድ፣ እየጨመረ የሚሄድ፣ ጣቶችን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱለት የሚብስ ከሆነ ጡንቻው በውስጥ ግፊት ታፍኖ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልተከፈተ ይሞታል። በድንገት ያበጠ፣ የጋለና ማንቀሳቀስ የማይቻል መገጣጠሚያ፣ በተለይ ትኩሳት ካለ፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። የወገብ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ሽንት ማስወጣት ሲያቅተው ወይም ሲያመልጠው፣ በእግሮቹ መካከልና በመቀመጫው አካባቢ ሲደነዝዘው፣ ሁለቱም እግሮቹ ሲዝሉ፣ ነርቮቹ ተጨፍልቀው ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።